ሱቁ ከታች፣ ልጆቹ ከላይ

መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም፣ እሑድ ምሽት፣ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣ ርዕደ መሬት አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። ታኅሣሥ 26 ሌሊት ደግሞ ከዚያ የበረታ መጣ። በካዛንቺስና በቂርቆስ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሰዎች አልጋቸው ሲወዛወዝ፣ አምፖላቸው ሲንቀሳቀስ አይተው ልጆቻቸውን አቅፈው ወደ ደጅ ወረዱ። በዚያው ሰዓት ምድር ቤት ተኝተው ምንም ሳይሰሙ ያደሩ ጎረቤቶችም ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ወላጆችና አያቶች ስንገናኝ የማይቀር ጥያቄ አለ፤ የልጃችን መዋዕለ ሕፃናት፣ የምንታከምበት ክሊኒክ፣ የምንገበያይበት ሞል ያለበት ፎቅ ይችለዋል ወይ?

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ዕድሜዬን በነርስነት አሳልፌ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ነርስ መድኃኒት አታዝዝም። ነገር ግን በሽተኛው ሲያተኩሰው፣ ሲገረጣ፣ አተነፋፈሱ ሲለወጥ ቀድማ የምታየውና ሐኪም የምትጠራው እሷ ናት። ቤተሰብም ለሚገለገልበት ሕንፃ እንዲህ መሆን ይችላል። ስሌቱን ለባለሙያው ትተን ምልክቱን ማወቅ አያቅተንም።

ክብደቱ የት ይሄዳል?

ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ነው። እነዚያ ቤቶች ዝቅ ያሉ ነበሩ፤ ግድግዳቸው የሚሸከመው ጣሪያቸውን ብቻ ነው። በ2017 ዓ.ም በኮሪደር ልማቱ ብዙው የካዛንቺስ ነባር ሰፈር ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ አካባቢ ሄዷል። አብዛኞቻችንም ከመሬት ቤት ወደ ፎቅ ኑሮ እየተሻገርን ነው። ስለዚህ ፎቅ እንዴት እንደሚቆም ማወቅ የቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል።

ነገሩ ሲታሰብ ቀላል ነው። እኛ የምንቆምበት ሶሌታ ክብደታችንን ለቢሙ ይሰጣል። ቢሙ ለኮለኑ፣ ኮለኑ ለመሠረቱ፣ መሠረቱ ለአፈሩ ያስረክባል። ይህ መንገድ አንድ ቦታ ከተቋረጠ ክብደቱ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ካጣም ይወድቃል። መሐንዲሶች ለግምት ያህል አንድ ካሬ ሜትር የፎቅ ወለል ከነዕቃውና ከነሰዉ አንድ ቶን ገደማ ነው ይላሉ። እንግዲህ አንድ ኮለን በየፎቁ አምስት ሜትር በአምስት ሜትር የሆነ ወለል ቢሸከምና ሕንፃው ስድስት ወለል ቢኖረው፣ የታችኛው ኮለን ላይ ያለው 150 ቶን ነው። በወገባችን ስፋት ልክ ያለ ምሰሶ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው የምናልፈው።

አርማታ ከሁለት ነገር የተሠራ ነው። ኮንክሪቱ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል። የውስጡ ፌሮ መሳቡን ይችላል። አጥንትና ጅማት እንደማለት ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው ሰው አያቆምም። በኮለን ውስጥ ቁመቱን ይዘው የሚወጡትን ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚያስሩ ቀለበቶች አሉ። መሬት ሲንቀሳቀስ ኮለኑ እንዳይፈነዳ የሚይዙት እነዚህ ቀለበቶች ናቸው። ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ስለማይታዩ፣ በቁጥርና በጥራት መኖራቸውን በዋናነት የሚያረጋግጠው በግንባታ ጊዜ የቆመ ተቆጣጣሪ ነው።

ከላይ የከበደ፣ ከታች የሳሳ

የንግድ ሕንፃ ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ለንግድ ከሚያምረው ነገር ነው። ከታች ሱቅ፣ ካፌ ወይም ባንክ ስለሚገባ ግድግዳ አይፈለግም፤ መስታወት ይፈለጋል። ኮለንም ዕይታ ስለሚጋርድ ቁጥሩ እንዲያንስ፣ ቁመቱ እንዲረዝም ይፈለጋል። ከላይ ያሉት ፎቆች ግን በብሎኬት ተከፋፍለው ቢሮ፣ ክሊኒክና መኖሪያ ይሆናሉ። ብሎኬቱ የላዩን ክፍል ያጠነክረዋል፤ የታቹ ባዶ ይቀራል። መሬት ሲወዛወዝ የላዩ እንደ አንድ ሳጥን አብሮ ይሄዳል፣ መታጠፉ በሙሉ የታችኛው ወለል ኮለኖች ላይ ያርፋል። በዓለም ላይ በርዕደ መሬት ከወደቁ ፎቆች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ ነው የታችኛው ወለላቸው የተደፋው።

ይህ ማለት ከታቹ ሱቅ ያለው ሕንፃ ሁሉ አደገኛ ነው ማለት አይደለም። መሐንዲሱ አስቀድሞ ካወቀው የታቹን ኮለኖች ያወፍራል፣ ፌሮውን ያበዛል፣ በአሳንሰሩና በደረጃው ዙሪያ ከመሠረት እስከ ጣሪያ የሚወጣ የአርማታ ግድግዳ ያቆማል። አደጋው ይህ ሳይታሰብ ሲቀር፣ ወይም ታስቦ ከተሠራ በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ ሲነካው ነው።

የፎቁ ነዋሪ ተሰምቶት ምድር ቤት ያለው ያልተሰማውም ምክንያት አለው። አዋሽ ፈንታሌ ከእኛ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ፈጣኑ ንዝረት መንገድ ላይ ይደክማል፤ ረጅሙና ዘገምተኛው ማዕበል ግን ይደርሳል፣ ያም ረጅሙን ሕንፃ ያወዛውዛል። ነፋስ ሲመጣ ባሕር ዛፉ ሲወዛወዝ ቁጥቋጦው ዝም እንደሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሜክሲኮ ከተማን የመታው ርዕደ መሬት መነሻው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነበር። ከተማዋ በጥንት ሐይቅ ደለል ላይ የቆመች በመሆኗ መናወጡ በረታ፤ በጣም የተጎዱትም ከስድስት እስከ 15 ፎቅ ያላቸው ሕንፃዎች ናቸው። እኛም አንዱ ሰፈር ዐለት፣ ሌላው ዝናብ ሲመጣ የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ነው። የአፈር ምርመራ ለወግ የሚደረግ ወረቀት ያልሆነው ለዚህ ነው።

ለምን ተሠራ፣ ለምን ዋለ?

ሕንፃ የሚሰላው ለሚሰጠው አገልግሎት ነው። በዲዛይን ደንብ ለመኖሪያ ወለል በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ጭነት ይታሰባል። ለሱቅ ከ400 እስከ 500 ኪሎ፣ ለመጋዘን 750 ኪሎና ከዚያ በላይ ነው። መኖሪያ ተብሎ የተሠራ ፎቅ ላይ የወረቀት ወይም የጨርቅ መጋዘን ሲገባ ሕንፃው ሳይጠየቅ ሸክሙ ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ጣሪያ ላይ የሚሰቀል አሥር ሺሕ ሊትር የውኃ ታንከርም ሲሞላ አሥር ቶን ነው። ጄኔሬተር ደግሞ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ንዝረትም ይጨምራል።

የሴኡል ሳምፑንግ የገበያ አዳራሽ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። መጀመሪያ ለሌላ አገልግሎት የታቀደው ሕንፃ ወደ ገበያ አዳራሽ ተለወጠ። ኮለኖች ቀጠኑ፣ አምስተኛ ፎቅ ተጨመረ፣ ጣሪያው ላይ ከባድ የአየር ማቀዝቀዣዎች ተጫኑ። ሰኔ 29 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. ጠዋት ስንጥቁ ታይቶ የላይኛው ፎቅ ተዘጋ፤ ገበያው ግን ቀጠለ። ማምሻውን ሕንፃው ወድቆ 502 ሰዎች ሞቱ። ርዕደ መሬት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2013 በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ በተባለው ሕንፃም ስንጥቅ በታየ ማግስት ከታች ያሉት ሱቆችና ባንኩ ተዘግተው ሳለ የላይኞቹ ፎቆች የልብስ ስፌት ሠራተኞች ወደ ሥራ እንዲገቡ ተደረገ። ከ1,100 በላይ ሰዎች አለቁ። በሁለቱም ቦታ ሕንፃው አስቀድሞ ተናግሯል፤ የሰማውም አልጠፋም፤ ሰውን ያስወጣ ግን አልተገኘም።

በአገራችን በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ ሕዝብ የሚገለገልባቸውንና ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝሙትን በጥብቁ “ሐ” ምድብ አስቀምጧል። ለእነዚህ በየሙያው የተሠራ ዲዛይን፣ ቁጥጥርና የመጠቀሚያ ፈቃድ ጠይቋል። የርዕደ መሬት ዲዛይን ደንባችንም ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ደንብ በ1995 ከነበረው ይልቅ የአዲስ አበባን የሥጋት ደረጃ ከፍ አድርጎታል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተነደፈ ሕንፃ በዘመኑ ደንብ ልክ ቢሠራም፣ ዛሬ በሚጠየቀው ልክ ነው ማለት አይቻልም።

ያረጀ ይመረመራል

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ እዚሁ ቂርቆስ አለ። በአርክቴክት አርቱሮ መዘዲሚ ተነድፎ በ1953 ዓ.ም የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም የተመሠረተበት፣ የአፈወርቅ ተክሌ ትልቅ የመስታወት ሥዕል ያለበት ቤት ነው። በተመረቀበት በዚያው ዓመት በደሴ መንገድ ካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣ ርዕደ መሬት ማጀቴን አፈራርሶ ነበር። አዳራሹ ከ60 ዓመት አገልግሎት በኋላ ለዓመታት ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም ተከፈተ። ዕድሳቱ ቀለምና ምንጣፍ ብቻ አልነበረም፤ አካሉ ርዕደ መሬትን እንዲቋቋም ማጠናከርም ነበረበት። እኛ 60 ዓመት ሲሞላን ደም ግፊታችንን እንደምንለካው ሁሉ ለሕንፃም ዕድሜው ሲገፋ የሚለካው ነገር አለ። ለታወቀው አዳራሽ የተደረገው በየመንገዳችን ላሉት 30 እና 40 ዓመት ለሞላቸው የንግድ ሕንፃዎችም ይገባል።

ቤተሰብ የሚያየው

ልጅ ስናስመዘግብ ወይም ሱቅ ስንከራይ አሥር ደቂቃ ወስደን ሕንፃውን እንዙረው። ከታች ያሉት ኮለኖች እስከ ላይ ቀጥ ብለው ይወጣሉ? ወይስ አንዱ መሐል ላይ ቀርቷል? ለቧንቧ፣ ለበር ወይም ለማስታወቂያ ተብሎ የተፈለፈለ ኮለን አለ? ፌሮው ዝጎ ልስኑን ገፍቶ የወጣበት ቦታ አለ?

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። ልስን ላይ ያለ የፀጉር መስመር ብዙ ጊዜ የላይ ቆዳ ጭረት ነው። በኮለን ወይም በቢም ላይ በሰያፍ የሄደ፣ ሳንቲም በጠርዙ የሚያስገባ ስንጥቅ ግን መሐንዲስ ያስጠራል። ያጠራጠረንን ስንጥቅ ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርገን ቀኑን ብንጽፍበት ማደግ አለማደጉን እናውቃለን። የቁስልን ስፋት በየቀኑ እንደምንመዘግበው ነው። በር በድንገት አልዘጋ ሲል፣ መስታወት ያለ ምክንያት ሲሰነጠቅ፣ ወለል ሲያዘነብል ወይም ግድግዳ ሲጮህ ግን ቀን አይቆጠርም፤ መጀመሪያ ሰው ይወጣል።

ደረጃውንም እንይ። ከሠራሁባቸው ክሊኒኮች አንዱ ለቢሮ በተሠራ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አሳንሰሩ ቃሬዛ አያስገባም፤ ደረጃው መታጠፊያው ስለሚጠብ ወላድ በወንበር ተሸክመን እናወርድ ነበር። ሁለተኛው ደረጃ ዕቃ ተቆልሎበት በሩ በሰንሰለት ታስሮ ነበር። እሳትም ሆነ ርዕደ መሬት ሲመጣ ይህ ሰንሰለት ከኮለኑ ያላነሰ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ግቢያችሁ ውስጥ ፎቅ ሠርታችሁ ለንግድ ለምታከራዩ አያቶችና ወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። ተከራይ “ይቺን ግድግዳ ላንሳት” ቢላችሁ፣ ሕንፃውን የነደፈ ወይም ሌላ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ሳያይ አትፍቀዱ። በምትሠሩበት ጊዜም ኮንክሪቱ በቀላሉ እንዲፈስ ውኃ የሚጨምርን ሰው አስቁሙ፤ የበዛ ውኃ ጉልበቱን ይቀንሳል። ከተሞላ በኋላ ግን ቢያንስ ሰባት ቀን ውኃ ይጠጣ፤ ኮንክሪት የሚጠበቅበትን ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። ቸኩሎ ድጋፉን የሚያነሣ፣ ስብራቱ ሳይጠገን ጀሶውን እንደሚያስፈታ በሽተኛ ነው።

መሬት ሲንቀሳቀስ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ወደ ደረጃ አይሩጥ፤ አሳንሰርም አይግባ። ከመስታወትና ከቁም ሳጥን ርቆ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ፣ ራሱንና አንገቱን ሸፍኖ እግሩን ይያዝ። ጎንበስ ማለት የማይችሉ አዛውንት በተቀመጡበት ወይም በተኙበት ራሳቸውን በትራስ ይከልሉ፤ ተሽከርካሪ ወንበር ከሆነ ፍሬኑ ይያዝ። መናወጡ ሲቆም ጫማ አድርጎ በደረጃ መውረድ ነው፤ የተሰበረ መስታወት እግር ይቆርጣል። ይህን ከልጆች ጋር ቤት ውስጥ ሁለት ጊዜ መለማመድ በቂ ነው፤ ልጅ እንደ ጨዋታ ይማረዋል።

በሚቀጥለው ሳምንት ልጁን ለማምጣት ወደ ትምህርት ቤቱ ስትሄዱ ከታች ካለው ሱቅ ፊት ለፊት ጥቂት ቁሙ። ኮለኖቹን ቁጠሩ፤ የኋላውን ደረጃ ሞክሩት። ከዚያም ርዕሰ መምህሩን ወይም ባለ ሕንፃውን “የመጠቀሚያ ፈቃዱ ለትምህርት ቤት ነው ወይስ ለሌላ?” ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ ሦስትና አራት ወላጆች ሆናችሁ ወደ ወረዳው የሕንፃ ሹም ሂዱ። ጥያቄው ሰውን ማስቀየም አይደለም፤ የሚከፈለውም የትምህርት ቤት ክፍያ ይህን የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል።