የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ ሲመረጥ

ከረጅም ጠመንጃ ጥይት ሲተኮስ ለጆሮ አንድ መስሎ የሚሰማው ድምፅ በእርግጥ ከሁለት ምንጮች የሚነሣ ነው። አንደኛው ባሩዱ ሲቃጠል የሚፈጠረው ትኩስ ጋዝ አረሩን ተከትሎ ከአፈሙዙ ሲወጣና ከውጭው አየር ጋር ሲላጋ የሚያሰማው ፍንዳታ ሲሆን፣ ሌላው አረሩ ከድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም በሴኮንድ ከ340 ሜትር ገደማ በላይ እየበረረ አየሩን ሲሰነጥቅ የሚፈጥረው ጩኸት ነው። ማፈኛ የሚያበርደው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በአሜሪካ አዳኞች ዘንድ የተለመደው ነጥብ 308 ካሊበር ጠመንጃ በተለመደው ጥይት አረሩን በሴኮንድ በ800 ሜትር ገደማ ስለሚወረውር፣ የቱንም ያህል ውድ ማፈኛ ቢገጠምለት ሁለተኛው ጩኸት አይቀርለትም፤ በፊልም የሚታየው ድምፅ አልባ ተኩስ የፊልም ሠሪዎች ፈጠራ ነው።

አሜሪካዊው መሐንዲስ ሂራም ፐርሲ ማክሲም እ.ኤ.አ. በ1909 የፈጠራ መብት ያገኘበት ይህ መሣሪያ ከመኪና ማርሚታ ጋር በአሠራር የሚቀራረብ ሲሆን፣ በቱቦ ውስጥ በተደረደሩና መካከላቸው ለአረሩ ማለፊያ በተበሳ ግድግዳዎች አማካይነት ጋዙን እያሽከረከረና እያቀዘቀዘ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ያደርገዋል።

ገዢዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ስንት ዴሲቤል እንደሚቀንስ ነው፤ ይህ ቁጥር ግን ብቻውን ሲታይ ያሳስታል። ዴሲቤል የድምፅ ኃይል መለኪያ ሆኖ በየ10ሩ ቅናሽ ኃይሉ ወደ አንድ ዐሥረኛ የሚወርድበት ሚዛን ስለሆነ፣ ከ160 በላይ የሚደርሰውን የጠመንጃ ድምፅ በ25 ወይም በ30 ዴሲቤል መቀነስ እጅግ ትልቅ ለውጥ ነው። ሆኖም ውጤቱ ለቅጽበታዊ ድምፅ የአደጋ ወሰን ተደርጎ ከሚወሰደው 140 ዴሲቤል አካባቢ ስለሚያርፍ፣ የጆሮ መከላከያን ጨርሶ የሚያስቀር አይደለም። ልኬቱ ከአፈሙዙ ጎን ይሁን ከተኳሹ ጆሮ አጠገብ የተወሰደ መሆኑም መጠየቅ አለበት። የመጀመሪያው ጥይት በቱቦው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ካልተቃጠለው ጋዝ ጋር ስለሚቀጣጠል ከተከታዮቹ ይልቅ ይጮኻል፤ አዳኝ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚተኩሰው ያንኑ የመጀመሪያ ጥይት ነው።

ስለዚህ ምርጫው ከቁጥሩ ይልቅ ከጠመንጃውና ከአገልግሎቱ ቢነሣ ይሻላል። ተራራ ለተራራ ለሚጓዝ አዳኝ ከቲታኒየም የተሠራ ቀላል ማፈኛ ይስማማዋል፤ አፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ መቶ ግራም የጠመንጃውን ሚዛን ወደ ፊት ያጋድላልና። ይኸው ብረት ግን በተከታታይ ተኩስ ከመጠን በላይ ሲግል ጥንካሬው ስለሚቀንስ፣ በተኩስ ሜዳ ብዙ ለሚተኩስ ሰው ከማይዝግ ብረት ወይም ኢንኮኔል ከሚባለው ሙቀት ቻይ የኒኬል ቅይጥ የተሠራው፣ ክብደቱ ቢያሰለችም፣ ይመረጣል። ለሰፊ ካሊበር የተሠራ ማፈኛ፣ የሚጠበቀውን ግፊት እስከቻለ ድረስ፣ በጠባቡ ላይ ሊያገለግል ይችላል፤ ተገላቢጦሹ ግን አደገኛ ነው።

በተኳሹ እጅ ተቀባብሎ የሚተኮስ ጠመንጃ ማፈኛን ያለ ችግር ይቀበላል። የራሱን ጋዝ ተጠቅሞ ጥይት በሚያጎርሰው ላይ ግን የታፈነው ጋዝ ወደ ኋላ ተመልሶ ፊት ላይ ይተነፍሳል፣ ቀለሁንም ከልክ በላይ አፍጥኖ ያስወጣል፤ ለዚህ ዓይነቱ ጋዙን ወደ ፊት የሚያሳልፍ ማፈኛ፣ ድምፁን የሚቀንሰው በመጠኑ አነስ ቢልም፣ የተሻለ ነው።

ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል። በኖርዌይ ያለ ፈቃድ የሚገዛው ይህ ዕቃ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ በፌዴራል ደረጃ የሚመዘገብ ነው፤ ይከፈልበት የነበረው የ200 ዶላር ግብር እ.ኤ.አ. ከጥር 2026 ወዲህ ቢነሣም ምዝገባውና የጣት አሻራው አልቀሩም፣ ካሊፎርኒያና ኒውዮርክን የመሰሉ ግዛቶችም ለሲቪል ጨርሶ ይከለክሉታል።

ግዢው ካለቀ በኋላ የሚቀረው ገጠማው ነው። የአፈሙዙ ጥርስ ከማፈኛው ጥርስ ጋር በልክ ካልተጣጣመ ወይም ቱቦው በጥቂቱ እንኳ ካዘነበለ፣ አረሩ የውስጡን ግድግዳ መትቶ ዕቃውን ሊያፈርስ ይችላል፤ ስለሆነም ከተኩስ በፊት ቀጥ ባለ ዘንግ አሰላለፉን ማረጋገጥ የባለሙያ ልማድ ነው። ማፈኛው ሲገጠም የአፈሙዙ ንዝረት ስለሚለወጥ ጥይቱ ከለመደው ቦታ ጥቂት ሳይርቅ አይቀርም፤ ማነጣጠሪያውም ለአደኑ በሚያዘው ጥይት፣ ማፈኛው እንደተገጠመ እንደገና ይስተካከላል።