«አድራሻዬን ቀይሬ ብልክ ማን ያገኘኛል?»

ሶዶ ላይ ኮምፒዩተር ሳይንስ በሚማሩ ልጆች ዘንድ ካሊ ሊኑክስ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የተጫነበት ፍላሽ ብርቅ አይደለም። በውስጡ ኤችፒንግ3፣ ስካፒና ኤንፒንግ አሉ፤ ፓኬት በእጅ አዘጋጅተው ወደ ኔትወርክ የሚለቁ፣ በተርሚናል የሚታዘዙ ፕሮግራሞች። ከነሱ ቀድሞ የሚዛመተው ግን ወሬያቸው ነው።

ትልቁ ወሬ የላኪውን አይፒ አድራሻ በሐሰት የሞላ ሰው አይያዝም የሚለው ነው። በእርግጥ ኤችፒንግ3 የፈለግከውን አድራሻ ይጽፍልሃል። ነገር ግን ከሶዶ መናኸሪያ አዲስ አበባ ዕቃ ስትልክ በላኪው ቦታ የጎረቤትህን ስም ብትጽፍ፣ መልሱ የሚሄደው ለጎረቤትህ ነው። የቲሲፒ ግንኙነት የሚከፈተው በሦስት ልውውጥ ነው፤ በሁለተኛው ሰርቨሩ ባለ 32 ቢት ቁጥር ይልካል። ያን ቁጥር ሳታይ ሦስተኛውን በትክክል መላክ የዕውር ግምት ነው። በሐሰት አድራሻ ሰርቨር ገብቶ ፋይል መበርበር የሚባለው ወሬ እዚህ ላይ ያበቃል፤ የሚቀረው ማጨናነቅ ነው። እሱም ቢሆን ከቤትህ ራውተር ማለፉ ያጠራጥራል፤ ራውተሩ የላኪውን አድራሻ በራሱ ይተካዋል ወይም ፓኬቱን ይጥለዋል።

«ፒንግ ካልመለሰ ሰርቨሩ ሞቷል» የሚለውም ስህተት ነው። ፒንግ የሚጠቀመውን አይሲኤምፒ የሚዘጋ ፋየርዎል ሞልቷል። እንዲህ ሲሆን ኤችፒንግ3 ይጠቅማል፦ ሲን የሚባለውን የግንኙነት ጥያቄ ወደ ፖርት 443 ላክ። በመልሱ መስመር ላይ «ኤስኤ» ከታየህ ፖርቱ ክፍት ነው፤ «አርኤ» ካለ ዝግ ነው። ጭራሽ ዝም ካለ፣ ብዙ ጊዜ ጥያቄውን መንገድ ላይ ፋየርዎል ውጦታል። ለኔትወርክ ሠራተኛ ይህ የዕለት ሥራ ነው። ኤችፒንግን የጻፈው ጣሊያናዊው ሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖም ኋላ ሬዲስ የተባለውን ታዋቂ ዳታቤዝ የሠራ ሰው ነው፤ መሣሪያውን «የሌባ» የሚሉት ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነው።

በነዚህ መሣሪያዎች ነጻ ኢንተርኔት ይገኛል የሚለውን ወሬ በአጭሩ እንለፈው። የፓኬጅህ ሂሳብ የሚያዘው በኦፕሬተሩ ሲስተም እንጂ አንተ በምትጽፈው ፓኬት ላይ አይደለም።

የሰው ሰርቨር ያጨናነቀ ልጅ «ልፈትሽ ብዬ ነው» የሚለው ምክንያትስ? የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ዳታ እየላኩ የኮምፒዩተር ሥርዓትን ሥራ ማወክን ያስቀጣል። በዚያ ላይ የኤችፒንግ3 የማጥለቅለቅ ምርጫ ፓኬቱን በቻለው ፍጥነት ያዘንባል እንጂ መልስ አያሳይም። መልስ የማይታይበት ነገር ምኑ ነው የሚፈተሸው?

መለማመድ ለሚፈልግ ሁለት ላፕቶፕና አንድ የኔትወርክ ኬብል ይበቃል፤ በአንዱ ላክ፣ በሌላው ዋየርሻርክ የተባለውን የፓኬት ማንበቢያ ከፍተህ የደረሰውን አንብብ። የሰው ሰርቨር ላይ ከመሞከርህ በፊት ግን የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ተቀበል።