ሜዳ ላይ ተገኝቶ ቢሮ የጠፋው ሦስት ነጥብ

የጋሞ ምድር ሀብታም ነው፤ ሙዙ በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል፣ ዓሣው ከጫሞ ይወጣል። አዞዎቹ ግን ኑሯቸው ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ነው። አርባምንጭ ከተማ በ2004 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቅሎ በ2010 ወረደ፤ ተመልሶ በ2015 ደግሞ ወረደ፤ በ2017 እንደገና መጣ። እንዲህ ለሚኖር ክለብ ሦስት ነጥብ እንጀራ ነው። ታዲያ ያቺ ነጥብ ቢሮ ውስጥ ብትጠፋስ?

ዋልያዎቹ ይህን ቀምሰውታል። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ቦትስዋናን በሜዳዋ 2ለ1 ረቱ። ምንያህል ተሾመ ግን ሁለት ቢጫ ስለነበረበት መሰለፍ አልነበረበትም። ልጁ ኳሱን ይጫወት እንጂ ካርድ የሚቆጥሩለት ሌሎች ናቸው፤ እነሱ ሳይቆጥሩ ቀሩ! ሰኔ 9 ደቡብ አፍሪካ 2ለ1 ተሸንፋ አዲስ አበባ ስትጨፍር ፊፋ ጉዳዩን እየመረመርኩ ነው አለ። ፌዴሬሽኑም ጥፋቱን አመነ። ለቦትስዋና 3ለ0 ተፈረደላት፤ የእኛ 13 ነጥብ 10 ሆነ።

ጭንቁ እስከ ጳጉሜን 2 ዘለቀ። ዋልያዎቹ ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2ለ1 አሸንፈው ከምድቡ አለፉ፤ ደቡብ አፍሪካን የበለጡት በሁለት ነጥብ ብቻ ነበር።