የሚሰማ ነገር ግን የማይናገር የካሚዮን ራዲዮ

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለሸንጎ ክርክር ብቻ የሚያገለግል አይደለም። የተበላሸ መሣሪያ ለሚመረምር ሰውም መልካም መመሪያ መሆኑን ቡልቡላ ባለው መጋዘናችን አይተናል።

ከዝዋይ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ከተማችን ሽንኩርትና ቲማቲም የሚነግድ ሰው ካሚዮኑ የት እንደ ደረሰ ማወቅ አለበት፤ ቲማቲም ቀን አይሰጥምና። ስልክ በማይሰማበት ሥፍራ ካሚዮኑ ቢቆም፥ ወሬው የሚደርሰው ጭነቱ ከተበላሸ በኋላ ነው። ስለዚህ አሠሪዬ ያገለገለ ካሚዮን ገዝተው በሾፌሩ ክፍል ውስጥ ሲ ቢ የሚባለውን የመነጋገሪያ ራዲዮ ባገኙ ጊዜ እጅግ ደስ አላቸው። ሁለተኛ ገዝተው በመጋዘኑ ሊያስተክሉም አሰቡ።

ይህ ዓይነቱ ራዲዮ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ በ27 ሜጋኸርዝ አካባቢ ለሕዝብ የተፈቀደ ሲሆን፥ በተለመደው አሠራር ኃይሉ ከ4 ዋት እንዳያልፍ ተወስኗል። በካሚዮናችን ያገኘነውን ግን የቀድሞ ባለቤቱ ኃይሉን ለማብዛት ሲል ውስጡን ነካክቶት ኖሯል። አልፎ አልፎ የሩቅ አገር ሰዎችን ንግግር ያሰማል፤ ወደ ውጭ ግን አንዲት ቃል አይልክም።

ከአዳማ የመጣው ባለሙያ ክዳኑን ለመክፈት አልቸኮለም። «መስማቱ ራሱ ምስክር ነው፤ ለመስማትና ለመናገር በጋራ የሚያገለግሉት ክፍሎች ደኅና ናቸው ማለት ነው። ጉድለቱን በመናገሪያው በኩል እንፈልግ» አለ።

አስቀድሞ የኤሌክትሪኩን ምንጭ መረመረ። የካሚዮኑ ባትሪዎች 24 ቮልት ሲሰጡ ራዲዮው የሚፈልገው ወደ 13.8 ቮልት ያህል ነው። በመካከል የገባው መቀነሻ በደንብ ይሠራል፤ በፊውዙ ፋንታ ግን ወፍራም ሽቦ ተተክቶ አገኘ። ቀጥሎ የማይክሮፎኑን ገመድና ቁልፍ አየ፤ ጉድለት የለባቸውም። ከዚያም በአንቴናው ፋንታ 50 ኦም ያለው ማስመሰያ ጭነት አገናኘ። ይህ ኃይሉን ወደ ሙቀት የሚለውጥ ስለ ሆነ፥ በምርመራው ጊዜ ሞገድ ወጥቶ ሌላውን አያውክም። ቁልፉን ሲጫን የዋት መለኪያው መርፌ ንቅንቅ አላለም።

ክዳኑ በተከፈተ ጊዜ የመጨረሻው የኃይል ማጉያ ትራንዚስተር ተቃጥሎ ተገኘ። የድምፁን ልክ የሚወስነውም ክፍል ተቆርጧል። ባለሙያው ግን አዲስ ትራንዚስተር ወዲያው አልተከለም፤ የመጀመሪያው ለምን ተቃጠለ ብሎ ጠየቀ። አንቴናውን በራሱ መመርመሪያ ቢለካው፥ እግሩ ከካሚዮኑ አካል ጋር የሚገናኝበት ሥፍራ ዝጎ ተገኘ። ስለዚህ ከራዲዮው የሚወጣው ኃይል አብዛኛው ወደ ኋላ እየተመለሰ፥ ከልኩ በላይ እንዲሠራ የተገደደውን ትራንዚስተር አቃጠለው። ዝገቱ ሳይጸዳ አዲስ ቢተከል ኖሮ እርሱም ያው ዕጣ በደረሰው ነበር።

ሥራው ሲያልቅ አሠሪዬ «የተጨመረውን ኃይል ለምን አትተወውም? ካሚዮኑ ሩቅ ይሄዳል» ብለው ጠየቁ። ባለሙያውም ሲመልስ፥ 4 ዋት 16 ዋት ቢሆን በተቀባዩ መለኪያ ላይ የሚጨምረው አንድ ነጥብ ብቻ እንደ ሆነ፥ ንጹሕና ከፍ ያለ አንቴና ግን ከዚህ የበለጠ እንደሚጠቅም አስረዳ። ደግሞም ከልኩ ያለፈ ማስተላለፊያ በ27 ብቻ አይወሰንም፤ በእጥፍ በእጥፉም ይታያል። የ27 አራት እጥፍ 108 ነው፤ ከ108 ሜጋኸርዝ ጀምሮ ያለው ሞገድ ደግሞ አውሮፕላኖች መንገዳቸውን የሚያውቁበት ነው። አሠሪዬ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያውስ ወደ ቀድሞው መልሰው» አሉ።

ራዲዮው ዛሬ 4 ዋት ይሰጣል፤ ፊውዙም በቦታው ገብቷል። ይሁን እንጂ በመንገድ ላይ ገና አልተናገረም። የራዲዮ ሞገድን አጠቃቀም የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለ ሆነ፥ የፈቃዱን ማመልከቻ እኔው ጽፌ አዘጋጅቻለሁ። ያገለገለ ካሚዮን የምትገዙ ነጋዴዎች ሁሉ በውስጡ ራዲዮ ብታገኙ፥ አስቀድማችሁ ፈቃዱን ጠይቁ፤ ቀጥላችሁ አንቴናውን አስመርምሩ፤ ቁልፉን መጫን ከዚያ በኋላ ይሁን።