ከጥንድ ዲስክ አንዱ በድንገት ቢነቀል የንግድ ቤቱ ሒሳብ ይተርፋልን?

በዛሬው ጊዜ ከአስመጪውም፣ ከላኪውም፣ ከባለ ሱቁም ወገን ብዙው የሽያጩን ሒሳብ፣ የዱቤውን ዝርዝርና የኤልሲ ሰነዱን የሚያኖረው በኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ዲስክ ደግሞ እንደ ማናቸውም መሣሪያ አንድ ቀን መበላሸቱ ስለማይቀር፣ ጥንቃቄ የሚያደርጉ ንግድ ቤቶች አንዱን ጽሑፍ በሁለት ዲስኮች ላይ ባንድ ጊዜ የሚያሰፍር መሣሪያ ያስተክላሉ። ይህም በባለሙያዎች ዘንድ «ሬይድ 1» ወይም የመስታወት ጥንድ ይባላል። «ሬይድ» የሚለውን ስም ያስፋፋው በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1988 ያወጡት ጽሑፍ ነው። አሠራሩ ግን ከስሙ ይቀድማል፤ ታንደም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1970ዎቹ ዓመታት ለባንክ ሥራ በሚሸጣቸው ኮምፒዩተሮች ላይ ይጠቀምበት ነበር።

ነጋዴው የሚጠይቀው እንግዲህ፣ መሣሪያው እየሠራ ሳለ አንዱ ዲስክ ቢነቀል ወይም ገመዱ ላልቶ ቢወጣ ምን ይሆናል ብሎ ነው።

በደኅና የተተከለ ጥንድ ከዚህ ይተርፋል። ኮምፒዩተሩ ለተነቀለው ዲስክ ትእዛዝ ልኮ መልስ ሲያጣ ጥቂት ይጠብቃል፤ በዚያን ጊዜ ሒሳብ ተቀባዩ ማሽኑ የቆመ ሊመስለው ይችላል። ከዚያ በኋላ የጠፋውን ዲስክ ከጥንዱ ሰርዞ በቀረው ብቻ ሥራውን ይቀጥላል። ዲስኩ የወጣው አንድ ደረሰኝ በመጻፍ ላይ ሳለ ቢሆን እንኳ፣ ጽሑፉ በወጣው ላይ በእኩሌታ ይቀራል እንጂ በቀረው ላይ ተሟልቶ ይሰፍራል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የሚሆነው መሣሪያው በሥራ ላይ ሳለ ዲስክ እንዲነቀልበት የተሰናዳ እንደ ሆነ ነው። ሳታ የተባለው የዲስክ መሰኪያ ለዚህ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ከጥርሶቹ አንዳንዶቹ ረዘም ያሉ ስለ ሆኑ ሲሰካ የመሬቱ መስመር አስቀድሞ ይነካል። ዳሩ ግን ይህ ችሎታ ተዘግቶ የሚሸጥ ኮምፒዩተር ስላለ ሻጩን ሳይጠይቁ መድፈር አይገባም።

የመብራት መቋረጥ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም ዲስኮች ባንድ ቅጽበት ስለሚጠፉ፣ ገና ያልሰፈረው ጽሑፍ ከሁለቱም ሊቀር ይችላል። ለዚህ የሚበጀው ዩፒኤስ እንጂ ሁለተኛ ዲስክ አይደለም።

ስለዚህ ከመነቀሉ ይልቅ የሚያሠጋው ከመነቀሉ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ጥንዱ ጎዶሎ ሆኖ ሳለ ሱቁ እንደ ወትሮው ይሸጣል፤ ደረሰኙም ይወጣል። መሣሪያው በመብራት፣ በጩኸት ወይም በኢሜይል ካላስታወቀ፣ ካስታወቀም የሚያየው ሰው ከሌለ፣ ባለቤቱ ሁለት ዲስክ አለኝ ብሎ ሲታመን ባንድ ዲስክ ብቻ ወራት ሊያልፉት ይችላሉ።

ከዚህ የባሰው የወጣው ዲስክ ሲመለስ ነው። በምሳሌ እንየው። አንድ አስመጪ ከሁለቱ ዲስኮች አንዱ ከሦስት ሳምንት በፊት ወጥቶበታል እንበል። ጸሐፊው አይቶ መልሶ ይሰካዋል። በዚያ ዲስክ ላይ ያለው ሒሳብ ግን የሦስት ሳምንት አሮጌ ነው። ሊኑክስ የተባለው ሥርዓት በየዲስኩ ላይ የለውጥ ቁጥር ስለሚመዘግብ፣ ቁጥሩ ወደ ኋላ የቀረውን ዲስክ አሮጌ ነው ብሎ አይቀበለውም፤ ባለሙያ እንደገና እስኪያስገባውም ይጠብቃል። ነገር ግን ደኅነኛው ዲስክ በማይታይበት ሰዓት ኮምፒዩተሩ ቢነሣ፣ አሮጌው ብቻውን ሊነሣ ይችላል። ሁሉም ነገር ጤነኛ መስሎ ይታያል፤ የሦስቱ ሳምንት ሽያጭ ግን የለም። በዚህ ላይ አዲስ ሽያጭ ከተመዘገበበት ሁለቱ ዲስኮች በየፊናቸው እውነተኛ የሆኑ ሁለት መዝገቦች ይሆናሉ፤ እነዚህንም የሚያስታርቅ መሣሪያ የለም፤ ሒሳብ ሹሙ ከካርኒ ጉርድ ላይ አንድ በአንድ መልቀም ይኖርበታል።

በእኔ አስተያየት ከዲስክ ብልሽት ይልቅ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው የእጅ ስሕተት ነው፤ ይኸውም የታመመውን እነቅላለሁ ብሎ ደኅነኛውን መንቀል ነው። ሁለቱ ዲስኮች በመልክ አንድ ናቸው። ስለዚህ ገና ሲተከሉ በእያንዳንዱ ሳጥን ፊት ላይ የዲስኩን መለያ ቁጥር በወረቀት ጽፎ መለጠፍ ነው፤ ወጪውም ከምንም አይቆጠርም።

አዲስ ዲስክ ሲገባ ከቀረው ላይ ሁሉም ይገለበጣል። 4 ቴራባይት የሚይዝ ዲስክ በሰኮንድ 150 ሜጋባይት ቢገለብጥ ከ7 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ ሱቁ ክፍት ሆኖ ከተሠራበት ደግሞ ይዘገያል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ብቸኛው ዲስክ ዳር እስከ ዳር ስለሚነበብ፣ ተሰውሮ የኖረ ጉድለት ካለበት የሚገለጠው ያን ጊዜ ነው። ዜድ ኤፍ ኤስ የተባለው ሥርዓት የተጻፈበትን ቦታ ብቻ ስለሚገለብጥና እያንዳንዱን ጽሑፍ በማረጋገጫ ቁጥር ስለሚመረምር በዚህ ረገድ ይሻላል።

ጥንዱ በስሕተት የተደመሰሰን ሰነድም ከሁለቱም ላይ ወዲያው ይደመስሳል። ስለዚህ ከሱቁ ውጭ የሚቀመጥ ሦስተኛ ቅጂ ያስፈልጋል።

መሣሪያውን የሚገዛ ነጋዴ ሒሳቡን ከማስገባቱ በፊት፣ ባለሙያው በፊቱ አንዱን ዲስክ እንዲነቅል፣ ማስታወቂያው መድረሱን እንዲያሳይ፣ ከዚያም መልሶ እንዲያስገባና ጥንዱ እስኪሞላ እንዲጠብቅ ይጠይቀው። ክፍያውን ከዚህ ፈተና በኋላ ቢፈጽም መልካም ነው።