አቻ ማለት ምን ማለት ነው? ስለ ጋብቻ የተጻፉ ሁለት የሳቅ ቴአትሮች

በምዕራብ ጎጃም፥ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው ባላገር፥ ልጁን የሚድር አባት አስቀድሞ ሲጠይቅ የኖረው የወዲያኛውን ወገን ዘርና መሬት፥ የከብቱንም ብዛት እንደ ሆነ የታወቀ ነው። የልጂቱ ፈቃድ ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይቀር ነበር። ይህ ነገር የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስል፥ በሌላ ሕዝብ ዘንድ የተደረሰውን አንድ የሳቅ ቴአትር ለአንባብያን ልናስታውቅ ወደድን።

አብርሃም ጎልድፋደን የሚባሉ ደራሲ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1876 ዓ.ም. በሩማንያ፥ ያሺ በምትባል ከተማ፥ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ በሚናገሩበት በይዲሽ ቋንቋ ቴአትር አቆሙ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ «ሁለቱ ኩኒ ሌምል» የተባለውን ጨዋታ ጻፉ። በዚህ ጨዋታ አንድ ባለጠጋ ልጁን ካሮሊናን፥ ዘሩ የከበረ ስለ ሆነ ብቻ፥ ለአንካሳው፥ ለተብታባውና አንድ ዓይኑ ለጠፋው ለኩኒ ሌምል ሊድር ይነሣል። እርስዋ የምትወደው ተማሪ ግን ኩኒ ሌምልን መስሎ፥ እያነከሰና እየተንተባተበ ይመጣና ነገሩን ሁሉ ያደበላልቀዋል። ሳቁ የሚያርፈውም ዘር ሲቈጥር ልጁን በረሳው አባት ላይ ነው። በ1883 ዓ.ም. የሩስያ መንግሥት በይዲሽ ቴአትር መጫወትን በከለከለ ጊዜ ብዙ ተጫዋቾች ወደ ሎንዶንና ወደ ኒው ዮርክ ተሰደዱ፤ ጨዋታውም አብሮአቸው ባሕር ተሻገረ። በ1966 ዓ.ም. በእስራኤል አገር ፊልም ሆነ።

በአገራችንም አቶ መንግሥቱ ለማ በሎንዶን ተምረው ከተመለሱ በኋላ «ያላቻ ጋብቻ» የተባለውን የሳቅ ቴአትር ደረሱ። በውጭ አገር የተማረው ባሕሩ በገጠር ትምህርት ቤት ከፍቶ ሲኖር የቤቱን ሠራተኛ ለማግባት ይቈርጣል፤ አክስቱ ወይዘሮ ዓልጋነሽ ግን የዘሩን እኩያ ካላገባህ ይሉታል። ይህም ድርሰት በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970 ዓ.ም. በሎንዶን ታትሟል።

እነሆ፥ በያሺም በአዲስ አበባም ጥያቄው አንድ ነው፤ አቻ የሚባለው በአያት ስም የሚተካከል ነውን? ወይስ በልብና በአሳብ የሚስማማ?

የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በአገራችን አቈጣጠር በ1995 ዓ.ም. ሲወጣ፥ ለጋብቻ 18 ዓመት መሙላትንና የሁለቱን ተጋቢዎች ፈቃድ አዝዟል። ነገር ግን ሕጉ ሳይደርስ በፊት ነገሩ የሚቈረጠው በቤት ውስጥ ነውና፥ የቤተሰብ አለቃ የሆነ ሁሉ ለሽማግሌዎቹ ቃል ከመስጠቱ አስቀድሞ ልጁን በፍቅር አስቀምጦ፥ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ ይጠይቃት ዘንድ እንመክራለን።