እርሾው አለ ወይስ የለም?

ሰሞኑን እዚህ ሳዑዲ ከነካሳ ሰፈራችን አንዲት እናትን ሆስፒታል ይዘን ሄደን ዐረብኛ ሳስተረጉም ነበር። ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ የልጃቸው ስም ጠፋባቸው፣ አረማመዳቸው ተዛባ፣ እጃቸው ሳያዙት ይወራጫል። ሐኪሙ «ከጀርባዋ ውሃ ቀድተን እንመርምር» ሲል ልጃቸው «ሽባ ሊያደርጓት ነው!» ብሎ ክንዴን ያዘኝ።

ፍርሃቱ የሁላችንም ነው። መርፌው የሚገባው ግን ሕብለ ሰረሰር ካለቀበት በታች፣ ወገብ ላይ ነው። ለጥቂት ቀን ራስ ሊያሳምም ይችላል።

ሐኪሙ ከጠረጠራቸው አንዱ የፕሪዮን በሽታ ነው። ዋናው ዓይነት ክሮይትዝፌልት-ያኮብ ይባላል፤ በዓመት ከሚሊዮን ሰው አንድ ወይም ሁለት ይይዛል። ፕሪዮን ቫይረስም ባክቴሪያም አይደለም፤ አጣጣፉ የተበላሸ ፕሮቲን ነው። ጥቂት እርሾ ሊጡን ሁሉ እንደሚያቦካው፣ ጤነኛውን ፕሮቲን እየነካ ወደ ራሱ መልክ ይለውጠዋል።

ለዚህ በሽታ በውሃው ላይ የሚሠራው ዋና ምርመራ ሁለት ነው። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀው 14-3-3 የተባለውን ፕሮቲን ይፈልጋል፤ የአንጎል ሴል ሲፈርስ ወደ ውሃው የሚፈስ ነው። ነገሩ ጭስ ነው፦ ቤት ቢቃጠልም ምድጃ ቢነድም ይጨሳል። ስትሮክም የአንጎል ብግነትም ከፍ ያደርጉታል።

አርቲ-ኩዊክ የሚባለው ግን እርሾውን ራሱን ይፈልጋል። ጤነኛ ፕሮቲን ላይ የታማሚውን ውሃ ጠብ አድርገው በማሽን ይንጡታል። እርሾው ካለ «ሊጡ» ይቦካል፣ የተጨመረውም ቀለም ያበራል። ከ10 ታማሚዎች 9 ያህሉን ያገኛል፤ ጤነኛውን ታማሚ ማለቱ እጅግ ጥቂት ነው።

«ከሥጋ ነው እንዴ?» ለምትሉኝ፦ አብዛኛው አይደለም። ከታመመ ከብት የሚመጣው ቫሪያንት የተባለው ሌላ ዓይነት ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተገኘ አንድ ታማሚ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ሳዑዲ ነበር፤ በልጅነቱ እዚህ ሳይዘው እንዳልቀረ ተገምቷል። ለዚህኛው ዓይነት የጀርባ ውሃ ብዙም አይረዳም፤ ኤምአርአይ ይሻላል።

ልጁ መጨረሻ ላይ «የፕሪዮን በሽታ መድኃኒት ከሌለው ለምን ይወጓታል?» አለ። ለሐኪሙ አስተረጎምኩለት። «እሱን ብቻ አንፈልግም» አለ። ቲቢም፣ ቂጥኝም፣ ሰውነት የራሱን አንጎል የሚወጋበት ብግነትም እንዲሁ ሰውን ያስረሳሉ፤ በዚያው ውሃ ይመረመራሉ፤ እነሱ ግን ይታከማሉ።

ልጁ ፈረመ። ውጤቱ እስኪመጣ ዱዓ አድርጉላቸው።